የአንጎል ምስል ላብ (ላብራቶሪ) ውስጥ ማን ምን ይሠራል? (ከኮምቦልቻ የቀረበ ጥያቄ)

ቦርከና_ማዶ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። እዚሁ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል ተምሬ ወጥቻለሁ። ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ምስል ምርምር ላብ ውስጥ ለረዳት ተመራማሪነት አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። በኢንተርኔት ነው የሚያናግሩኝ።

ደብዳቤው ላይ የሚጠይቁኝ ሰዎች የሥራ መጠሪያ ተደርድሯል። ፒአይ፣ ፖስትዶክ፣ ላብ ማናጀር፣ ኤምአር ፊዚሲስት፣ ሌላም ሌላም። እኔ የማውቀው ላብ ኦሲሎስኮፕና የተቃጠለ ሬዚስተር ያለበትን ነው። እነዚህ ሰዎች ማን ማን ናቸው? የኔ ቢጤ ኢንጂነርስ የት ጋ ይገባል? ስካነር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይሄ ያስንቀኝ ይሆን?

ሌላው ጥያቄ የእናቴ ነው። "የሰው አንጎል ምስል የሚያነሱ ሰዎች ጋ ልሠራ ነው" ስላት "ታዲያ የሰው ሐሳብ ልታነቢ ነው?" ብላ አፍጥጣ አየችኝ። ምን ልበላት?

የአራዳዋ

እንኳን ደስ አለሽ እታለም! እኔ የደሴ አራዳ ልጅ ነኝ። አሁን ውጭ እንዲህ ዓይነት ላብ ውስጥ ፒኤችዲ እየሠራሁ ነው። ከውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ።

ፒአይ ማለት ዋና ተመራማሪው ነው። ላቡ በስሙ ይጠራል። ስካነር አጠገብ ግን እምብዛም አታገኚውም። ዋና ሥራው ገንዘብ ማምጣት ነው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ የኛን ጽሑፍ ያርማል፣ የቀረውን ጊዜ ስብሰባ ይበላዋል። ፖስትዶክ ፒኤችዲውን ጨርሶ ቋሚ ቦታ ያላገኘ ሰው ነው። ኮንትራቱ አጭር ስለሆነ አንድ ዓይኑ ሁሌም የሥራ ማስታወቂያ ላይ ነው። ኮድሽ አልሄድ ሲል የምትሮጪው ግን ወደሱ ነው። ፒኤችዲ ተማሪ ደግሞ እንደኔ አንዲት ጥያቄ ይዞ ዓመታት የሚኖር ነው።

ላብ ማናጀሯን አደራ እንዳትንቂ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የምታሳድሰው፣ የስካነር ሰዓት የምትይዘው፣ ለተሳታፊ የምትከፍለው እሷ ናት። የስካነር ሰዓት በገንዘብ ነው የሚገዛው። የተቀጠረ ሰው ከቀረ ገንዘቡ በከንቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ፊቷ ከጠቆረ ምክንያቱን ሳትጠይቂ እወቂ።

ረዳት ተመራማሪ አንቺ ነሽ። ስልክ ትደውያለሽ። ተሳታፊውን በር ላይ ትቀበያለሽ። ፎርም ታስሞያለሽ። ከመስታወቱ ወዲህ ሆነሽ በማይክ "ደህና ነህ?" ትያለሽ። እጁ ላይ የምትጨበጥ የጎማ ኳስ ይሰጠዋል፤ ከጨበጣት ያወጡታል። ማታ ደግሞ የተሰበሰበውን ዳታ ትፈትሻለሽ። አንድ ላብ ውስጥ ከተሳታፊ ጋር በጣም የሚቀራረበው ሰው ደመወዙ ዝቅተኛው ነው፤ ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

ለእናትሽ ደግሞ እንዲህ በያት። እ.ኤ.አ. በ2023 ቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ሰው የሚሰማውን ታሪክ ፍሬ ሐሳብ ከኤምአርአይ (በማግኔት የአንጎል ምስል ከሚያነሳው ማሽን) ዳታ ለመገመት ሞክረው በከፊል ተሳክቶላቸዋል። ግን ለእያንዳንዱ ሰው 16 ሰዓት ያህል ማሽን ውስጥ ተኝቶ ታሪክ መስማት ነበረበት። በአንዱ ሰው የሠለጠነው ፕሮግራም ለሌላው አልሠራም። ሰውየው ሆን ብሎ ሌላ ነገር ካሰበም ግምቱ ይበላሻል። ማንም ሳይፈቅድ ሐሳቡ አይነበብም፤ ለጊዜው።

ሐረጎ_ቁልቁል

እኔ የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሾፌር ነኝ። የለንደን ታክሲ ነጂዎች አንጎላቸው ተለክቶ አንድ ቦታው ትልቅ ሆኖ ተገኘ ሲባል ሰምቻለሁ። የኔን ለክታችሁ ደመወዝ አስጨምሩልኝ 😂

የአራዳዋ

@ሐረጎ_ቁልቁል ወንድሜ፣ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የወጣው። 16 ታክሲ ነጂዎች ናቸው የተለኩት። መንገድና ቦታ ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል የኋላ ጫፉ ከሌላው ሰው ተለቅ ብሎ ተገኘ። ያው ቡድን በ2006 ምን አደረገ መሰለህ? ታክሲ ነጂዎቹን ከለንደን አውቶቡስ ነጂዎች ጋር አወዳደረ። አውቶቡሱ በተወሰነ መስመር ብቻ ነው የሚመላለሰው። ልዩነቱ የታየው ታክሲ ነጂዎቹ ላይ ብቻ ሆነ።

ሐረጎ_ቁልቁል

ወይ ጉድ! እኔ እኮ መስመሬ አንድ ነው። ሐረጎን መውጣት፣ ሐረጎን መውረድ። በቃ ቀረብኝ።

ጦሳ_ሥር

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ ራዲዮግራፈር ነኝ፤ ጡረታ እየተቃረብኩ ነው። ደሴ ውስጥ ብዙ ዓመት ምስል አንስቻለሁ። የአራዳዋ ልጅ የዘለለችውን አንድ አባል ልጨምር፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው። ላብ ውስጥ ፕሮፌሰሩም ቢሆን ያለሱ ፈቃድ ማግኔቱ ክፍል አይገባም። መግባትም የለበትም።

ብዙ ሰው የማይገባው ነገር አለ። ኤምአርአይ ማግኔቱ ሁሌም በርቶ ነው ያለው። መብራት ጠፋ ብለሽ ቁልፍ ይዘሽ ብትገቢ ቁልፉ ከእጅሽ ይነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒውዮርክ ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ የኦክስጅን ሲሊንደር ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ ማግኔቱ ስቦት ልጁን ገድሎታል። እኛ ሙያ ውስጥ ይሄን ታሪክ የማያውቅ የለም።

ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ሰው ይጣራል። ፎርሙ ውጭ አገር የተዘጋጀ ስለሆነ የልብ ማሽን፣ የጆሮ ተከላ፣ የጥርስ ብረት ይላል። እኛ አገር ቢሆን ግን ጥያቄው መለወጥ አለበት። የሒጃብ ስፒል አለ፤ ትንሽ ናት፣ ማንም አይቆጥራትም። ሒርዝ ወይ ክታብ አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው "ብረት አለህ?" ብትዪው "የለኝም" ይልሻል፤ ውስጡ ምን እንደተሰፋ እሱም አያውቅም። ንቅሳት ይጠየቃል። ኩል የተኳለች ታጥባ ትገባለች። ኮምቦልቻ ብረታ ብረት ላይ የሠራ ወይ በያጅ የሆነ ሰው ደግሞ ዓይኑ ውስጥ ስንጣሪ ብረት ሊኖር ይችላል። ሳያውቀው ዓመት ይኖራል። ማግኔት ውስጥ ከተንቀሳቀሰች ዓይኑን ታጠፋዋለች። መጀመሪያ በራጅ ወይ በሲቲ መታየት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልተወው አልችልም። በ2014 ዓ.ም. እዚህ ደሴ ላይ ጦርነት አልፏል። ፍንጣሪ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ሰው ስንት ነው? ብዙው "ድኛለሁ" ብሎ ትቶታል። "ቀዶ ጥገና ተደርጎልሃል?" ተብሎ ሲጠየቅ "አልተደረገልኝም" ይላል። እውነቱን ነው፤ ፍንጣሪው ግን ውስጡ ነው። ስለዚህ "ቆስለህ ታውቃለህ?" ብለሽ ነው መጠየቅ ያለብሽ። ደግሞ ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው።

ቦርከና_ማዶ

ጋሼ፣ ተባረኩልኝ። ይሄን ማንም አይነግረኝም ነበር። አንድ ልጠይቅዎት፤ መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ እንዴት ነው የማይጠፋው? እንደ ኢንጂነር አፍሬ ነው የምጠይቀው።

ጦሳ_ሥር

ምን ያሳፍራል ልጄ። ሽቦው በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ የተነከረ ነው፤ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ አካባቢ። በዚያ ቅዝቃዜ ሽቦው ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ ያዞራል። አንዴ ጅረቱ ከገባ ይዞራል፣ ይዞራል። የሚጠፋው ማቀዝቀዣው ነው። መብራት ለብዙ ጊዜ ከጠፋ ሂሊየሙ እየተነነ ያልቃል። ባንዴ ከተነነ ደግሞ ችግር ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ የክፍሉን አየር ያባርረዋል። ለዚህ ነው ወደ ጣሪያ የሚወጣ ወፍራም ቱቦ የሚሠራለት።

የድሮው ማሽን ከ1,000 ሊትር በላይ ሂሊየም ይይዛል። አሁን 7 ሊትር ብቻ የሚበቃው ዓይነት ወጥቷል። ለኛ አገር ትልቅ ዜና ነው። ሂሊየም መግዛት ጤፍ እንደመግዛት አይደለም።

የአራዳዋ

ከጋሼ ቀጥዬ ኤምአር ፊዚሲስት የሚባለውን ልጨምር። ለኤሌክትሪካል ተማሪ ቅርቡ እሱ ነው። ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው፤ 3 ቴስላ ማለት ከምድር ማግኔት 60 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚበልጥ ነው። እዚያ ውስጥ የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች በ128 ሜጋኸርዝ ገደማ ይዞራሉ። በ1.5 ቴስላ 64 ሜጋኸርዝ ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ በሁለቱ መሃል እንዳለ ልብ በዪ። ክፍሉ በሙሉ በመዳብ የሚሸፈነው ለዚህ ነው፤ የውጭው ሬዲዮ ምስሉ ላይ መስመር እንዳይጥል። አንቴና፣ ማጉያ፣ ፊልተር፣ ፉሪየር (ሞገድን የሚበትነው ሒሳብ)... አንቺ ይሄን ሁሉ ተምረሻል። ስካነር አላየሁም ብለሽ አትሸማቀቂ። ስካነር ያዩ፣ ፉሪየርን ግን የማያውቁ ስንት አሉ እኛ ጋ።

ሐይቅ_ዳር

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ደስ ባይላችሁም። ነርስ ነኝ። ከገጠር የመጣ ሰው ጭንቅላቱ ተመትቶ ሲቲ ስካን ለማግኘት ሲንከራተት አያለሁ። ማሽኑ አለ ይባላል፣ ተበላሽቷል ይባላል፣ ወረፋ ይባላል። እዚህ ለታመመ ሰው ምስል ሳይኖር ጤነኛ ተማሪ ማሽን ውስጥ አስተኝቶ "ፊት ስታይ የትኛው ቦታ በራ" ማለት ቅንጦት አይመስላችሁም? ልጅቷም ሄዳ የፈረንጅ አንጎል ልታነሳ ነው። ለደሴ ምን ይተርፋል?

ለምሳሌ የሚጥል በሽታ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 50 ሚሊዮን ገደማ ሰው አለበት፤ ከአምስቱ አራቱ የሚኖረው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። በአግባቡ ቢታከም እስከ 70 በመቶው ካለ ምንም መንዘፍዘፍ መኖር ይችላል። እኛ ጋ ግን ብዙው ክኒን ሳያይ ነው የሚኖረው። ምርምር ካላችሁ ይኼን ሥሩ።

ጦሳ_ሥር

ወንድሜ ሐይቅ_ዳር፣ የምትለው ይገባኛል። እኔም ስንቱን መልሻለሁ። ግን የተበላሸ ማሽን የሚጠግን ሰው ከየት ይመጣል? ከእንደዚች ልጅ ነው። ማሽን በዕርዳታ ይመጣል፤ ሰው ግን በዕርዳታ አይመጣም።

ሐይቅ_ዳር

ጋሼ፣ ከተመለሰች ነዋ።

የአራዳዋ

@ሐይቅ_ዳር የመጨረሻዋ ነገርህ እኔንም ነካችኝ፤ ልለፋት። ስለ ቅንጦቱ ግን አልስማማም፣ በከፊል።

በመጀመሪያ ሁሉም የአንጎል ላብ ኤምአርአይ የለውም። የኔ ሥራ ግማሹ ኢኢጂ ነው፤ ራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የአንጎልን ኤሌክትሪክ መመዝገብ ማለት ነው። የሰውን ኢኢጂ መጀመሪያ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐንስ በርገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ለክቶ በ1929 አሳተመው። መቶ ዓመት የሞላው መሣሪያ ነው። ዋጋው ከኤምአርአይ ጋር አይወዳደርም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ለሚጥል በሽታ ምርመራም ዋናው እሱ ነው። አንተ ሥሩ ያልከው እኮ እዚሁ አለ።

ሁለተኛ፣ "የፈረንጅ አንጎል" ያልከው እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ኢኢጂ የራስ ቆዳን መንካት አለበት። እኛ ላብ ሥራ ስጀምር የተሳታፊ መቀበያው ላይ ሹሩባ የተሠራች ወይ ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ሴት "አይመችም" ተብላ ትመለስ ነበር። ማንም በክፋት አይደለም። ሽቦውን የሠራው ሰው ቀጭን ለስላሳ ፀጉር ነበር በሐሳቡ። ውጤቱ ግን ጥቁር ሰው ከጥናቱ ይወጣል፤ ከዚያ "የሰው አንጎል እንዲህ ነው" ተብሎ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ገደማ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የምትባል ተማሪ ከሹሩባ መስመሮች መሃል የሚገባና በጉንጉኑ ተይዞ የሚቆም ኤሌክትሮድ ይዛ መጣች። ሴቮ ብላዋለች።

ወሎ ላይ ብንሠራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ቅቤ። ለበዓል ቅቤ የተቀባች ልጅ ራሷ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፋችሁ ታውቃላችሁ? ቅቤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ቀጠሮው ከበዓል ማግስት አይሆንም። ሒጃብ የለበሰች ደግሞ የኤሌክትሮዱን ኮፍያ የምታደርግላት ሴት መሆን አለባት፤ በሩ መዘጋት አለበት። ይሄን የሚያውቅ ሰው ላቡ ውስጥ አባል ካልሆነ ማን ያስታውሰዋል?

ዓጀሚ_አንባቢ

እኔ መምህር ነኝ፤ ሳይንሱ ላይ እንግዳ ነኝ። ግን ሐይቅ_ዳር "ለደሴ ምን ይተርፋል" ሲል አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ማንበብ መማር አንጎልን ይለውጣል ሲባል አንብቤ ነበር። እኛ ጋ ሽማግሌዎች አሉ፤ ቁርኣኑን በዐረብኛ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ያነባሉ፣ ጋዜጣውን በግዕዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ያነባሉ፣ መንዙማውን ደግሞ በዓጀሚ፣ ማለትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ያነባሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። ይሄ አይጠናም?

የአራዳዋ

መምህር፣ ወላሂ ይሄን ፒአይዬ ቢያይ ይዘላል። ያነበቡት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ነው፤ ስታኒስላስ ዴሃን የመሩት። ፖርቹጋልና ብራዚል ውስጥ 63 ጎልማሶችን አነሱ። 10ሩ ማንበብ የማይችሉ፣ 22ቱ ካደጉ በኋላ የተማሩ፣ 31ዱ በልጅነታቸው የተማሩ ነበሩ። በግራ በኩል፣ ከአንጎል በታችኛው ገጽ ያለ አንድ ቦታ ማንበብ ሲማሩ ለፊደል መልስ መስጠት ይጀምራል። ካደጉ በኋላ በተማሩትም ላይ ታይቷል። ሁለት ጽሕፈት በሁለት አቅጣጫ የሚያነብ ሰው ላይ፣ ያውም አንዱ ቋንቋ በሁለቱም ፊደል የሚጻፍለት... ይሄ ጥያቄ ከወሎ ውጭ የሚያስበው ሰው የለም። ተሳታፊ ማግኘት እንጂ ማሽን አይደለም ከባዱ።

ቁጥር_ወዳድ

ቆይ ቆይ፣ ሁላችሁም ተረጋጉ። ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ላቡ ውስጥ የረሳችሁት አባል አለ፤ "ይሄ ቁጥር ምንም ማለት አይደለም" ብሎ ደስታችሁን የሚያበላሸው ሰው። እኔን የመሰለ።

እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ከሱቅ የገዙትን የሞተ ሳልሞን ዓሣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገቡት። የሰዎች ፎቶ አሳዩት። "በፎቶው ያለው ሰው ምን እየተሰማው ነው?" ብለው ጠየቁት። የሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ ነጥቦች "በሩ"። በ2012 ኢግ ኖቤል የሚባለውን የቀልድ ሽልማት ወሰዱበት።

ቀልዱ ምን ላይ ነው? የአንጎል ምስል ወደ 100 ሺህ ገደማ ትናንሽ ኩቦች ይከፈላል እንበል። እያንዳንዱን ለብቻው በ0.05 (ከመቶ አምስት ጊዜ በአጋጣሚ መሳሳትን በሚፈቅድ መስፈርት) ብትፈትሹ፣ ምንም ነገር ባይኖር እንኳ 5,000ው በአጋጣሚ ይበራል። በ0.001 ብታጠብቁትም 100 ይቀራል። መቶ ቀይ ነጥብ ደግሞ ስዕል ላይ ሲቀመጥ በጣም ያምራል። የፈተናውን ብዛት ያገናዘበ ማስተካከያ ሲደረግ የዓሣው ነጥብ ሁሉ ጠፋ።

መምህር ያመጡት ሐሳብ ቆንጆ ነው። ግን ሃያ ሽማግሌ አንስታችሁ "የወሎ ሰው አንጎል" ብላችሁ እንዳትጽፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 50 ሺህ ገደማ ሰው ዳታ ተጠቅሞ፣ የአንጎል ቅርጽን ከሰው ባሕርይና ችሎታ ጋር ለማያያዝ ሺዎች ተሳታፊ እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። ፊደል አሳይቶ የአንዱን ሰው አንጎል መልስ መለካት ሌላ ነው፤ እሱ በትንሽ ሰውም ይሄዳል። ልዩነቱን ካላወቃችሁ ላቡ ውስጥ ያለው ማሽን የሞተ ዓሣ ማሳያ ነው።

ሐረጎ_ቁልቁል

የሐይቅ ቆሮሶ ቢሆን ኖሮ መልሱን በትክክል ይነግራቸው ነበር።

ሐይቅ_ዳር

ተወው የኛን ዓሣ። እሱ ቢያንስ ይበላል።

ጦሳ_ሥር

መምህር ቁጥር_ወዳድ ካነሱት ጋር የሚሄድ አንድ ነገር። ጤነኛ ነው ተብሎ የሚነሳ ሰው ሁሉ ጤነኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ብዙ ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ ምንም ምልክት ከሌለው 37 ሰው በአንዱ አንጎል ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ተገኝቷል። ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ ያበጠ የደም ሥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላቡ ራዲዮሎጂስት ሊኖረው ይገባል፤ ቀድሞም ለተሳታፊው "ነገር ብናገኝ እንንገርህ?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። ልጄ፣ በቃለ መጠይቁ ላይ አንቺ ይሄን ጠይቂያቸው። ሰው ምስል ብቻ እንዳልሆነ እንደምታውቂ ይገባቸዋል።

እኛ አገር ላይ ጥያቄው ይከብዳል። ነግረሽው የት ሄዶ ይታከም?

ቦርከና_ማዶ

ይቅርታ ጠፋሁ። ቃለ መጠይቁ ዛሬ ነበር። ኔትወርክ ሁለቴ ተቆረጠ፣ ሦስተኛው ላይ ያለ ቪዲዮ በድምፅ ብቻ ጨረስን። ፒአይው ብዙም አልጠየቀኝም። ላብ ማናጀሯ ናት የጠየቀችኝ! የአራዳዋ፣ አንቺ ነግረሽኝ ባይሆን ኖሮ ጸሐፊ መስላኝ በአጭር በአጭሩ ነበር የምመልስላት።

"አንድ ተሳታፊ ማሽን ውስጥ ገብቶ ቢደናገጥ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። "አወጣዋለሁ። የቀረው ሰዓት ቢቃጠልም" አልኩ። ሳቀች። ፊዚሲስቱ የመዳቡን ክፍል ጠየቀኝ፤ የኤፍኤሙን ነገርኩት። ፖስትዶኩ ደግሞ ተሳታፊዎች ከምርመራ በፊት ቡና እንዳይጠጡ እንደሚከለክሉ ነግሮኝ "ምን ይመስልሻል?" አለ። እኔም "አገሬ ወሎ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ የሚያድር ሰው አላውቅም፤ ብትከለክሉት ራሱን ያመዋል" አልኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ ጻፈው። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቅሁም።

ያልተጠበቀ ነገር ስለማግኘት የጋሼን ጥያቄ ስጠይቃቸው ፒአይው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ መለሰ። ራዲዮሎጂስት አላቸው፤ ሁሉንም ምስል ሳይሆን ረዳቶቹ የተጠራጠሩትን ብቻ ነው የሚያየው። ይሄ ትክክል ነው?

የአራዳዋ

ቡናዋን በደንብ መለስሽ! ካፌይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። ፈንክሽናል ኤምአርአይ ደግሞ የሚያየው የነርቭ ሴሉን አይደለም፣ ወደሱ የሚሄደውን ደም ኦክስጅን ነው። ሴይጂ ኦጋዋ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳየው ይሄንን ነው። ስለዚህ የጠጣና ያልጠጣ ይለያያል። ግን ሁሌ የሚጠጣ ሰው ስትከለክዪው ደሙ በተቃራኒው ከልክ በላይ ይፈስሳል። ቡና የሌለበት ወሎዬ ማለት "ንጹሕ" ወሎዬ ማለት አይደለም፤ ቡና ያማረው ወሎዬ ነው። ብዙ ላብ የለመደውን እንዲጠጣ ትቶ መጠኑን ይመዘግባል።

ጦሳ_ሥር

ራዲዮሎጂስቱን በተመለከተ፤ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው። እኔ አልወደውም። የሚጠራጠረው ረዳት ያልሠለጠነ ከሆነ ምኑን ይጠራጠራል? ከተቀጠርሽ የተለመደ አንጎል ምን እንደሚመስል ብዙ ምስል እያየሽ ዓይንሽን አሠልጥኚ። ከመሄድሽ በፊት ጀምሪ።

ኩርኩር

ጋሼ ከመሄድሽ በፊት ጀምሪ ላሉት ነገር እኔ አለሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ሶፍትዌር። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር።

ዳታው ነጻ ነው። ኦፕንኑሮ የሚባል ድረ ገጽ ላይ የብዙ ጥናቶች የአንጎል ዳታ ያለ ክፍያ ይወርዳል። ሁሉም በአንድ ወጥ አደረጃጀት ነው የተቀመጠው። ሶፍትዌሩም በነጻ ነው። የኦክስፎርዱ ኤፍኤስኤል አለ፣ የሃርቫርዱ ፍሪሰርፈር አለ። ፍሪሰርፈር ለአንድ አንጎል ሰዓታት ይፈጃል፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ነው። ስለዚህ ማታ ዩፒኤስ ላይ አድርጌ ነው የምተወው። ለመልመድ ኤፍኤስኤል ይበቃል። የራስ ቅሉን ቆርጦ አንጎሉን ብቻ የሚያስቀር ፕሮግራም አለው፤ ውጤቱን እያንዳንዱን በዓይንሽ ተመልከቺ። አንዳንዴ ዓይን ኳስን አንጎል ብሎ ይተወዋል፣ አንዳንዴ እውነተኛውን አንጎል ይቆርጣል። ዳታ ማናጀር የሚባለው ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይሄንን ነው። ጋሼ እንዳሉት ዓይን ማሠልጠን ማለት እሱ ነው።

ሐይቅ_ዳር፣ ለአንተም አንድ ነገር። ብራትስ አፍሪካ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውድድር እ.ኤ.አ. በ2023 ተጀምሯል፤ የአፍሪካውያን ታማሚዎች የአንጎል ዕጢ ምስል ላይ ነው። የኛ አገር ምስል ብዙ ጊዜ ጥራቱ ዝቅ ያለና ታማሚው ዘግይቶ የመጣበት ስለሆነ፣ በአሜሪካ ምስል የሠለጠነ ፕሮግራም እዚህ ይሳሳታል። ያንን ማስተካከል ቅንጦት አይደለም።

ሐይቅ_ዳር

ይሄኛውን እቀበላለሁ። በግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ትንሽ ኤምአርአይም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ጦሳ_ሥር

አለ። 0.064 ቴስላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ተፈቀደ። ጎማ አለው፣ ከ600 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ ሂሊየም አይፈልግም፣ በተራ ሶኬት ይሠራል። ምስሉ ደብዛዛ ነው። ደም መፍሰስና ውሃ መቋጠር ግን ያሳያል። እኔ ጡረታ ሳልወጣ አንዱን ደሴ ላይ ባየሁ።

ቦርከና_ማዶ

@ኩርኩር ወንድሜ፣ ኔትወርኬን አይተኸዋል። አንድ ጊጋ ለማውረድ ሌሊቱ አይበቃኝም። ያወረድከው ካለህ በፍላሽ ልትሰጠኝ ትችላለህ?

ኩርኩር

አብሽሪ፣ አለኝ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ነኝ። 64 ጊጋ ፍላሽ ይዘሽ ነይ፤ ግን መጀመሪያ በኤክስፋት ፎርማት አድርጊው። ኤፍኤቲ32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ሁለቱ ፋይሎች ከዚያ ይበልጣሉ።